ምዕራፍ ሰባት፦ የመርፌው ዜሮ

ባለፈው ምዕራፍ ቢራው ተብላልቶ ከጠራ በኋላ አተላው ሳይናወጥ ወደ ብረት በርሜል እንዴት እንደሚዘዋወር፣ በርሜሉም እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚከደን አይተናል። በሦስተኛው ምዕራፍም ስለ ብቅሉ መፍላት ስንናገር፣ ውሃ በወላይታ ሶዶ ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚፈላና 100 ዲግሪ እስኪደርስ እንደማይቆይ ተመልክተን፣ ምክንያቱን ኋላ እናነሣዋለን ብለን ማለፋችንን አንባቢ ያስታውሳል። ያ የቀረ ዕዳ በዚህ ምዕራፍ ይከፈላል፤ ውሃውን ሳይግል የሚያፈላው ምክንያትና በርሜሉ ላይ የተተከለችውን ክብ የግፊት መለኪያ በደጋ አገር አሳሳች የሚያደርጋት ምክንያት አንድ ነውና።

ይህች በሠራተኛው አፍ ጌጅ የምትባለው መሣሪያ ሙያዋ ቀላል ይመስላል፤ መርፌዋ ስትቆም ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ሳያውቅ የሚያነብ ሰው፣ በፍጹም ጥንቃቄ እያነበበ በፍጹም ይሳሳታል። የምዕራፉ ነገር በአጭሩ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ መርፌዋ የምታሳየው በበርሜሉ ውስጥና በበርሜሉ ውጭ ባሉት ሁለት ግፊቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የቀረው ሁሉ፣ የመለኪያው አመራረጥም ሆነ አነባበቡ፣ ከዚህ አንድ ነገር ይወለዳል።

ቢራ ጋዝን የሚሸከምበት ሥርዓት

እርሾ ስኳርን በልቶ አልኮልንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ እንደሚያወጣ በሁለተኛው ምዕራፍ ተነግሯል። በወላይታ ቤቶች የሚጠመቀው ቦርዴ ገና መፍላቱን ሳያቆም የሚጠጣ ስለሆነ፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው በዚያው ሰዓት የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ጠላም ቢሆን በጋን ተከድኖ አፉ ቢመረግም፣ ጋዙ በምርጊቱ ስንጥቅ ጥቂት በጥቂት እየተነፈሰ ስለሚሄድ፣ ያለ ልክ ሳይታመቅ ይሰነብታል። የብረት በርሜል ግን መተንፈሻ የለውም፤ የገባበትን ጋዝ ሁሉ ይዞ ይቀመጣልና ልኩን የሚናገርለት መሣሪያ ያሻዋል።

እንግሊዛዊው ሊቅ ዊሊያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ በቀር በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከላይ ሆኖ በሚጫነው የዚያው ጋዝ ግፊት ልክ ይጨምራል፤ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን የሚሟሟው ጋዝ እጥፍ ይሆናል፤ ግፊቱ ሲነሣም ጋዙ ተመልሶ ይወጣል፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የምንሰማው እስትንፋስ ይኸው ነው። ሙቀት ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ወገን ይስበዋል፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጋዝን አጥብቆ ይይዛል፣ የሞቀ ፈሳሽ ይለቃል።

ቢራ ጠማቂዎች ይህን ሕግ በሠንጠረዥ አድርገው ይጠቀሙበታል። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ጋዝ እንዲሟሟ የሚሻ ሰው፣ ይህም የብዙ ድራፍት ልክ ነው፣ ቢራው በ4 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከቆየ መለኪያው 0.8 ባር ገደማ እንዲያሳይ ያድርግ ይላል ሠንጠረዡ፤ ቢራው በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ለዚያው ጋዝ 2 ባር ገደማ ያስፈልጋል። ባር የግፊት መስፈሪያ ነው፤ አንድ ባር በባሕር ዳርቻ ላይ አየር ከሚጫነን ግፊት ጥቂት ብቻ ያንሳል።

ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሶዶ ገበያ ቅቤ የሚመዝን ነጋዴ የያዘውን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እናስብ። በአንዱ ሳህን ቅቤው፣ በሌላው የብረት መመዘኛው ይቀመጣል፤ ምላሱ ወደ የት እንዳዘነበለ የሚያይ ሰው የሚያነበው የቅቤውን ክብደት ለብቻው ሳይሆን ቅቤው ከመመዘኛው ምን ያህል እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ነው። አንድ ሰው ሳይታይ ከመመዘኛው ላይ ጥቂት ብረት ቢሸርፍ፣ ቅቤው ሳይጨምር ሚዛኑ ወደ ቅቤው ያዘነብላል፤ ገዢውም ያልጨመረውን ቅቤ እንደጨመረ ያምናል።

የግፊት መለኪያ እንዲህ ያለ ሚዛን ነው። በአንዱ ሳህኑ በበርሜሉ ውስጥ የታመቀው ጋዝ አለ፤ በሁለተኛው ሳህን ላይ ማንም ሳያስቀምጠው የተቀመጠው፣ ስለማናየውም የምንረሳው፣ ከራሳችን በላይ ያለው የአየር ምልዓት ነው። ጎሚስታው የተነፈሰ ጎማ ላይ ጌጁን ሲሰካ መርፌው ዜሮ ላይ ይቆማል፤ ይሁን እንጂ ጎማው ውስጥ አየር አለ፤ የውስጡና የውጭው አየር ስለተካከሉ ብቻ ሚዛኑ ወዴትም አላጋደለም። የመርፌው ዜሮ እንግዲህ ባዶነት አይደለም፤ የዚያ ቦታ አየር ነው።

የዚያ ቦታ አየር ደግሞ በየቦታው ይለያያል። የአየርን ጫና በሜርኩሪ ዓምድ ለመለካት ያስቻለውን መንገድ የከፈተው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ፓስካል ይህንኑ መሣሪያ በ1648 እ.ኤ.አ. የእኅቱ ባል ወደ ፑይ ደ ዶም ተራራ ይዞት እንዲወጣ አድርጎ፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ዓምዱ ዝቅ እንደሚል አረጋገጠ፤ ከተራራው ራስ በላይ የቀረው አየር ከሜዳው በላይ ካለው ያነሰ ነውና የሚጫነውም ያነሰ ነው። ለሥራችን የሚበቃው ሕግ ይህ ነው፦ እኛ በምንኖርበት ከፍታ፣ በየሺህ ሜትሩ መውጣት የአየር ግፊት በ0.1 ባር ገደማ ይቀንሳል።

ሠንጠረዡ የተጻፈው ለባሕር ዳር ሰው ነው

በአውሮፓና በአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎች መጻሕፍት የሚታተሙት ሠንጠረዦች ሁሉ ሁለተኛው ሳህን ላይ የባሕር ዳርቻ አየር፣ ማለት 1 ባር ገደማ፣ እንዳለ ቆጥረው የተሰናዱ ናቸው። ስለዚህ ሠንጠረዡ 0.8 ባር ሲል፣ ቢራው ላይ የሚጫነው ሙሉ ግፊት 0.8 ከ1 ጋር ተደምሮ 1.8 ባር ነው ማለቱ ነው፤ ሄንሪ የተናገረለት ግፊትም ይህ ሙሉው እንጂ ልዩነቱ አይደለም። ቢራ መርፌ አያነብም፤ የሚሰማው የተጫነውን ሁሉ ነው።

ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አየሯም 0.8 ባር ገደማ ነው። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው የሠንጠረዡን ቃል ጠብቆ መርፌውን 0.8 ላይ ቢያቆም፣ ቢራው የሚያገኘው ሙሉ ግፊት 1.6 ባር ብቻ ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል የተመኘለት ጋዝም ወደ 2.2 ሊትር ይወርዳል። ቢራው አረፋው የሳሳና በአፍ ውስጥ የደከመ ይሆናል፤ ጠማቂውም እርሾውን ይወቅሳል፣ ብቅሉን ይወቅሳል፣ የበርሜሉን ጎማ ይለውጣል፤ ጥፋቱ ግን ከመመዘኛው ላይ ሳይታወቅ የተሸረፈው 0.2 ባር ነው። መድኃኒቱ ያንኑ መመለስ ነው፤ በሶዶ መርፌው 1 ባር ላይ ይቁም፤ 1 እና 0.8 ሲደመሩ 1.8 ይሆናሉ፤ ሠንጠረዡም እውነት ይሆናል።

ይህ የከፍታ ተውሳክ በወላይታ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ አይደለም። በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ቢወረድ አየሩ 0.88 ባር ገደማ ስለሚሆን፣ ለዚያው ቢራ መርፌው 0.92 ላይ መቆም አለበት፤ ወደ ዳሞታ ራስ ቢወጣ ደግሞ አየሩ ወደ 0.72 ስለሚወርድ 1.08 ያስፈልጋል። ከዚህም አንድ አስገራሚ ነገር ይከተላል። በሶዶ በትክክል ተሞልቶ፣ ተዘግቶ፣ በበረዶ 4 ዲግሪውን እንደጠበቀ በመኪና ተጭኖ ወደ አባያ ዳር የወረደ በርሜል፣ ሲደርስ መለኪያው ከ1 ባር ወደ 0.92 ወርዶ ይገኛል። የማያውቅ ሰው ጋዝ አፈሰሰ ብሎ ማሰሪያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ ጋዝ አልወጣችም፤ የውስጡ 1.8 ባር እንዳለ ነው፤ የከበደው ሁለተኛው ሳህን ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ የቀረው ጥያቄም እዚህ ላይ ይፈታል። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት የላዩን አየር ግፊት ሲተካከል ነው፤ በሶዶ ያ አየር ከባሕር ዳሩ አምስት እጅ አንዱን ያህል ስለቀለለ፣ እንፋሎቱ ሳይደክም በ93 ዲግሪ ይተካከለዋል።

ከመስተዋቱ በስተጀርባ ያለው

የብዙዎቹ መለኪያዎች አሠራር ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 እ.ኤ.አ. መብት ያስመዘገበበት ነው። መስተዋቱና ቁጥር የተጻፈበት ገጽ ቢነሣ፣ በስተኋላው እንደ ጨረቃ ማጭድ የታጠፈ፣ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ የመዳብ ቅይጥ ቱቦ ይገኛል። አንደኛው ጫፉ ከበርሜሉ ጋር ተገናኝቷል፤ ሁለተኛው ተደፍኖ በትንሽ ዘንግና በጥርሳም መዘውር ከመርፌው ጋር ተያይዟል። ጋዝ ሲገባበት ቱቦው ጥቂት ይቃናል፤ ጫፉ የሚንቀሳቀሰው ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ መዘውሩ ግን ያንን አባዝቶ መርፌውን በገጹ ላይ ያዞራል። በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ለመዘርጋት ሲገፋ፣ በቱቦው ዙሪያ፣ በቤቱ ውስጥ ያለው አየር በውጭ ሆኖ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ሳህኖች እነዚህ ናቸው።

ይህን ያወቀ ሰው አንድ የተሰወረ ወጥመድ ያያል። አንዳንድ መለኪያዎች መርፌው እንዳይንቀጠቀጥ ቤታቸው በግሊሰሪን ተሞልቶ ይታተማል። በባሕር ዳር የታተመ እንዲህ ያለ መለኪያ በጅቡቲ ወደብ አልፎ ሶዶ ሲደርስ፣ በሆዱ የባሕር ዳሩን አየር እንደያዘ ይመጣል፤ ገና ከምንም ሳይገጠም መርፌው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይጥራል፤ የዜሮው ማቆሚያ ፒን ስለሚያግደው ግን ዜሮ ላይ ያረፈ ይመስላል። ከተገጠመ በኋላ ከእውነተኛው ልዩነት በ0.2 ባር አሳንሶ ይናገራል። በአናቱ ያለው ትንሽ የጎማ ውታፍ ለዚህ የተሠራ ነው፤ መለኪያው በሚኖርበት ከተማ ቀና ተደርጎ ውታፉ ለአፍታ ይነሣና ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ውስጡ ከአገሩ አየር ጋር ይታረቃል። በጨዋታ መልክ፣ ውታፉ ያልተነሣለት መለኪያ ተውሳክ ሳይሻ ከባሕር ዳሩ ሠንጠረዥ ጋር ይስማማል ሊባል ይቻላል፤ ነገር ግን የታተመው አየር በፀሐይ ሲሞቅና በማታ ሲበርድ ግፊቱ ስለሚለዋወጥ በዚህ መመካት አይገባም።

መለኪያ ሲመረጥ

በሱቅ ውስጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ነው፤ ጠንካራ ይመስለዋልና። ለበርሜል ግን ይህ ምርጫ ክፉ ነው። በመለኪያ ገጽ ላይ ከታች በጥቃቅን ፊደል 1.6 ወይም 2.5 የሚል አኃዝ ይገኛል፤ ትርጓሜውም መሣሪያው ሊሳሳት የሚፈቀድለት ከሙሉ ገጹ መቶ እጅ ያን ያህል ነው ማለት ነው። እስከ 16 ባር የሚያነብ ባለ 2.5 መለኪያ እንግዲህ 0.4 ባር ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ስሕተት ይህን ሁሉ የተነጋገርንበት የሶዶ ተውሳክ እጥፍ ነው። እስከ 4 ባር የሚያነብ ባለ 1.6 መለኪያ ግን ከ0.06 ባር ብዙ አይርቅም። ቀዝቃዛውን 1 ባርም ሆነ በክፍል ሙቀት የሚያስፈልገውን፣ በሶዶ 2.2 ባር የሚደርሰውን፣ ሁለቱንም በሚገባ ስለሚያሳይና መርፌውም ከገጹ ሦስት አራተኛ ስለማያልፍ፣ ለቤት ጠማቂ የሚስማማው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የመስፈሪያው ስም ነው። ከአሜሪካ የመጣ መለኪያ በፒ.ኤስ.አይ. ይናገራል፤ 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. አንድ ባር ነው። ከቻይና የመጣው ብዙ ጊዜ በሜጋ ፓስካል ነው፤ በዚያ 0.1 የሚለው አንድ ባር ነው፤ 0.1ን አይቶ ገና አልሞላም ብሎ ቁልፉን ያዞረ ሰው ሊገጥመው የሚችለውን መገመት አያዳግትም። በገጹ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ካለ የትኛው የትኛውን እንደሚያሳይ ሳይለዩ መግዛት አይገባም።

ጋዙን ከሲሊንደር ወደ በርሜሉ በሚያስተላልፈው ሬጉሌተር ላይ ሁለት መለኪያ ያለ እንደሆነ አንደኛው የበርሜሉ፣ ሁለተኛው የጋዙ ሲሊንደር ነው። ይህ ሁለተኛው እስከ መቶ ባርና ከዚያም በላይ የሚያነብ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ስለሚኖር በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ፣ በ25 ዲግሪ 64 ባር ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰው የሚጠብቀው ጋዙ ባነሰ ቁጥር መርፌው እንዲወርድ ነው፤ መርፌው ግን ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ መውደቅ የሚጀምረው ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ነው። በጠዋትና በቀትር የተለያየ ቁጥር ቢያሳይ የቀኑን ሙቀት እየነገረን ነው። የቀረውን ጋዝ ማወቅ የሚሻ ሰው ሲሊንደሩን ይመዝን፤ የባዶው ክብደት በአንገቱ ላይ ተቀርጿል። ከ57 ባር ወደ 1 ባር የሚያወርደው ሬጉሌተር ስለሆነም፣ ያለ እርሱ ሲሊንደርን ከበርሜል ጋር ማገናኘት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው፤ በርሜሉም ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈት ማስተንፈሻ ይኑረው። ጋዙ ከአየር የከበደና ወለል ላይ የሚተኛ በመሆኑ፣ በርሜሉና ሲሊንደሩ የሚቀመጡበት ክፍል በር ወይም መስኮት ይከፈትለት።

መለኪያን በውሃ መፈተን

መለኪያው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በውሃ የተሞላ፣ አየር ያልቀረበት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ታችኛው ጫፉ ከመለኪያው ጋር በደንብ ታስሮ፣ ላይኛው ጫፉ ክፍት ሆኖ ከፎቅ ይንጠልጠል፤ ከመለኪያው እስከ ውሃው ራስ ያለው ቁመት አሥር ሜትር ከሆነ መርፌው 1 ባር ሊጠጋ ጥቂት የቀረው፣ ማለት 0.98፣ ማሳየት አለበት፤ አምስት ሜትር ከሆነ ግማሹን። ይህ ፈተና በጅቡቲም በሶዶም አንድ ውጤት ይሰጣል፤ በክፍቱ ጫፍ የሚጫነው የአገሩ አየር በመለኪያው ቤት ውስጥም ስላለ፣ በሁለቱም ሳህን እኩል ተቀምጦ ይጣፋል። የሶዶ ተውሳክ ምን ያህል እንደሆነ በዓይኑ ማየት የሚሻ ደግሞ ሁለት ሜትር ውሃ ይመልከት፤ ከባሕር ዳር እስከ ሶዶ ያጣነው አየር ክብደቱ ያን ያህል ነው።

በሚነበብበትም ጊዜ ዓይን ከመርፌው ትክክል ይሁን፤ ከጎን የሚያይ ሰው መርፌውን ከቁጥሩ አጠገብ ያለ ቁጥር ላይ ያነበዋል። መስተዋቱ በጥፍር ቀስ ተብሎ ይመታ፤ መርፌው ዘሎ ቦታ ከለወጠ መዘውሩ ተይዞ ነበርና የሚታመነው ሁለተኛው ንባብ ነው። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀም መርፌው ከፍ ማለቱ አያስደንቅ፤ ቢራው ሲሞቅ የያዘውን ጋዝ እየለቀቀ ነው።

አንድ መርፌ፣ ሁለት ጥያቄ

እስካሁን ልዩነቱን እንደ አሳሳች ነገር ተናግረንበታል፤ ነገር ግን በሶዶ ጠጪው ፊት ጃምቦው በሚሞላበት ሰዓት ይኸው ልዩነት ጌታ ይሆናል። ቢራውን ከበርሜል አውጥቶ በቱቦ ወደ ብርጭቆ የሚነዳው ሙሉው ግፊት አይደለም፤ ብርጭቆው ያለው በአገሩ አየር ውስጥ ስለሆነ የሚነዳው መርፌው የሚያሳየው ልዩነት ራሱ ነው። ስለዚህ ጠማቂው አንዱን መርፌ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ቢራው ምን ያህል ጋዝ ይይዛል ሲል የአገሩን አየር መደመር አለበት፤ ቢራው በምን ፍጥነት ይቀዳል ሲል ግን መርፌውን እንዳለ ያንብበው።

ከዚህም ደጋው የሚያስከፍለን ሁለተኛ ዋጋ ይገለጣል። ጋዙን ለማሟላት መርፌውን ከ0.8 ወደ 1 ባር ባወጣን ጊዜ ቢራውን የሚገፋውን ኃይል ከአራት አንድ ጨምረንበታል፤ በባሕር ዳር በረጋ ሁኔታ የሚቀዳው ያው ቢራ፣ በዚያው ቱቦ፣ በሶዶ እየፈጠነ ወጥቶ ብርጭቆውን በአረፋ ይሞላዋል። የሚቀዳው ልጅ ሬጉሌተሩን ቢያወርድ ለዚያች ሰዓት አረፋው ይበርድለታል፤ በማግስቱና በሳልስቱ ግን በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቢራ ጋዙን እያጣ ይሞታል። ትክክለኛው ፈውስ ግፊቱን ሳይነኩ የበዛውን ኃይል በመንገድ ላይ ማድከም፣ ማለት ቱቦውን ማርዘም ወይም ማጥበብ ነው፤ በምን ያህል እንደሚረዝምና እንደሚጠብብ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥራ ነው። እስከዚያው አንባቢ በማናቸውም ከተማ በርሜል ከማገናኘቱ በፊት የከተማይቱን ከፍታ ጠይቆ፣ በየሺህ ሜትሩ 0.1 ባር ቆጥሮ፣ ሠንጠረዡ ላይ ይደምር፤ የደመረውንም ቁጥር በበርሜሉ ላይ ለጥፎ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚቀዳው ሰው ይተውለት።